ኖራውን የሚበላ ድንጋይ

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ዳር ቤት ከሚሠራበት አጥር ሥር አንዲት የልስን ስባሪ አነሳሁ። አውራ ጣት ታክላለች። ግራጫ ናት፣ ጠርዟ ስለታም ነው፣ በጥፍር ስትፋቅ አትበንም። አጠገቧ የወደቀው የሲሚንቶ ከረጢት «ፒፒሲ» ይላል። ክሊንከሩና ጀሶው ሲፈጩ ፖዞላና ተጨምሯል ማለት ነው። እኛ አገር ፖዞላናው በብዛት የስምጥ ሸለቆ ፑሚስ ነው፤ እሳተ ገሞራ የተፋው፣ ሆዱ በጋዝ የተነፋ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ድንጋይ።

ክሊንከር በ1450 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የተቃጠለ የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር ነው። ውሃ ሲነካው በዋናነት ሁለት ነገር ይወጣዋል። አንደኛው ካልሲየም ሲሊኬት ሃይድሬት ነው፤ አሸዋውን የሚያጣብቀው ሙጫ። ሁለተኛው የራሰ ኖራ ነው። ኖራው ባለ ስድስት ጎን ስስ ገበታ እየሆነ ይደራረባል። በተለይ የአሸዋውን ቅንጣት በከበበው፣ ከ20 እስከ 50 ማይክሮን በሚሰፋ ቀለበት ውስጥ ይከማቻል። ስንጥቅ መንገድ የሚያገኘው እዚያ ነው። እርጥበት ያገኘው ግድግዳ ላይ የሚወጣው ነጭ ነገርም አንዱ ምንጩ ይኸው ኖራ ነው።

የፑሚሱ ሥራ እዚህ ላይ ነው። መስታወት መሰሉ ሲሊካ ኖራውን እየበላ ያንኑ ሙጫ ይሠራል። ሙጫው ውሃ ትቷቸው በሄደ ቀዳዳዎች ውስጥ ያድጋል። ቀዳዳ ጨርሶ አይጠፋም፤ ሰፊው ይጠባል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ቀጭን መተላለፊያ ይደፈናል። ውሃም ጨውም ዘልቆ ለመግባት ይቸገራል። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፦ የደካማው ቦታ ኖራ ለብርታቱ ጥሬ ዕቃ ይሆናል።

ግን ቀስ ብሎ ነው። ሲሊካ ፊዩም የሚባለው ዱቄት ከሲሚንቶ ቅንጣት 100 እጥፍ ገደማ ስለሚደቅ በቀናት ይሠራል። ፑሚስ ሳምንታት ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፖዞላና የሌለበት ሲሚንቶ፣ ኦፒሲ፣ ይቀድመዋል፤ ፒፒሲ እየቆየ ይደርስበታል። እስከዚያ ድረስ ውሃ ከውስጡ መጥፋት የለበትም።

ድሬዳዋ ለሲሚንቶ እንግዳ አይደለችም፤ የአገራችን የመጀመሪያው ሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተተከለው እዚሁ ነው። የድሬ ፀሐይ ግን አዲስ ልስን በግማሽ ቀን ያደርቃል። የደረቀ ልስን ውስጥ ፑሚሱ እንደገባ ይቀራል፤ ኖራውም ሳይበላ ይቀመጣል። ስለዚህ በፒፒሲ የምታስለስኑ ሁሉ፣ እርጥብ ጆንያ አልብሱት፤ ቢያንስ 7 ቀን፣ ከቻላችሁ 14 ቀን ጠዋትና ማታ አጠጡት።