ሙኩርቱ፤ በአንድ የመዝገብ ድረ ገጽ አደረጃጀት ላይ የቀረበ ሐተታ

የአንድ ሕዝብ ፎቶግራፍ፣ ድምፅና ታሪክ በድረ ገጽ በሚቀመጥበት ጊዜ፣ አንባቢው በየትኛው በር ገብቶ በየትኛው መንገድ እንደሚያልፍ የሚወስን ሰው አለ። ዳሩ ግን በይዘት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር የሚገለገሉ ቤተ መዘክሮችና ቤተ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ውሳኔ ለሶፍትዌሩ ይተዉለታል፤ የገጹን አቀማመጥና የምናሌውን ቅደም ተከተል እንደ መጣ ይቀበሉታል። ይህን ልማድ ከተቃወሙት ሥራዎች መካከል በጣም የታወቀው ሙኩርቱ ስለ ሆነ፣ የሠራውንም ያጎደለውንም መመርመር ይገባል።

ሙኩርቱ በአውስትራሊያ ሰሜናዊ ግዛት፣ በቴናንት ክሪክና በአካባቢዋ በሚኖሩት በዋሩሙንጉ ሕዝብ ቋንቋ፣ የከበሩ ዕቃዎች የሚጠበቁበት ከረጢት ስም ነው። በውስጡ ያለውን ለማየት የሚሻ ሰው ሽማግሌዎቹን ማስፈቀድ አለበት፤ በኢትዮጵያ ገዳማት ዕቃ ቤቱ ያለ ጠባቂው እንደማይከፈት ማለት ነው። ሚሲዮናውያን፣ መምህራንና ተመራማሪዎች ያነሷቸው ፎቶግራፎች ወደ ሕዝቡ በተመለሱ ጊዜ ችግር ተነሣ። በዋሩሙንጉ ሥርዓት የሟች ምስል እንደ ልብ አይታይም፤ ለሴቶች ብቻ የሆነውን ወንዶች፣ ለወንዶች ብቻ የሆነውንም ሴቶች አያዩትም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ተመራማሪዋ ኪም ክሪስተንና ክሬግ ዲትሪክ ከማኅበረሰቡ ጋር ሆነው ያቋቋሙት የመጀመሪያው መዝገብ ይህንኑ ሥርዓት ተከተለ። ተጠቃሚው ሲመዘገብ ቤተሰቡ፣ ጾታውና አገሩ ይጻፋል፤ ገጹም በዚያው ልክ ይዘረጋለታል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች አንዱን መዝገብ ከፍተው የተለያየ ነገር ያያሉ፤ ሁለቱም የሚያዩት ግን ትክክለኛው ነው።

ከዚያ በኋላ ሙኩርቱ ለማንኛውም ማኅበረሰብ የሚያገለግል፣ በድሩፓል ላይ የተሠራና በነፃ የሚሰጥ ሶፍትዌር ሆነ፤ የሚያስተዳድረውም የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። መሠረቶቹ ሦስት ናቸው፤ ማኅበረሰብ፣ የባህል ደንብና ምድብ። ማንኛውም ሰነድ ከአንድ የባህል ደንብ በታች ካልዋለ አይመዘገብም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሌላው ሶፍትዌር ፈቃድ በመጨረሻ የሚታሰብ ጉዳይ ሲሆን፣ በዚህኛው ግን መዝጋቢው ቢረሳ እንኳ ሥርዓቱ አይረሳም። ከዚህም በላይ የሚያስመሰግነው፣ አንድ ሰነድ ብዙ መግለጫዎችን ጎን ለጎን ሊይዝ መቻሉ ነው። የኮልቪል፣ የስፖካን፣ የያካማና የሌሎችም ሕዝቦች ቅርስ በሚገኝበት በፕላቶ ሕዝቦች ድረ ገጽ፣ ተቋሙ የጻፈው መግለጫ በአንድ በኩል፣ ባለቤቶቹ የሚሉት በሌላ በኩል ይነበባል። እርግጥ ነው፣ የሚቸኩል አንባቢ የሚያነበው ፊት ለፊት የተገለጠውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ የማን ቃል ይቅደም የሚለው ጉዳይ ለቴክኒክ ሠራተኛ የሚተው አይደለም።

ጉድለቱ የሚታየው ከፈቃዱ በር ወዲያ ነው። አንባቢው ከገባ በኋላ የሚጠብቀው በትንንሽ ካርድ የተደረደረ የሰነድ ዝርዝርና በምድብ፣ በቁልፍ ቃል፣ በማኅበረሰብ የሚያጣራ ምናሌ ነው። ይህ ደግሞ የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ አካሄድ ነው። ለዋሩሙንጉ ሰው አንድ ዘፈን፣ አንድ የውሃ ጉድጓድና አንድ ዘመድ የአንድ ነገር ገጾች ናቸው፤ በካርዱ ግን ሦስት ልዩ ልዩ ሰነዶች ይሆናሉ። ካርታውም ቢሆን አገርን ብዙ ጊዜ በነጥብ ያመለክታል፤ አገር ግን ቅድመ አያቶች ያለፉበት ጎዳና ነው፤ በነጥብ አይያዝም። ማን ይይ የሚለውን ሕዝቡ ወሰነ፤ ምን ከምን ቀጥሎ ይታይ የሚለው ግን በካታሎግ ሠሪው እጅ ቀረ።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎቹን የሚያስቀምጥበት ዲስፔስ፣ የደራሲውን የቤተሰብ ስም አስቀድሞ፣ የራሱን ስም አስከትሎ ይጠይቃል። የቤተሰብ ስም በሌለበት አገር ይህ ቅጽ እንደ ተጻፈው ከተሞላ፣ ደራሲው በአባቱ ስም ይደረደራል፤ በራሱ ስም የሚፈልገው ተማሪም በዝርዝሩ ውስጥ ሲዞር ይውላል።

የሙኩርቱ ደጋፊዎች አቀማመጡን ማንም ሊለውጠው ይችላል ብለው ሊመልሱ ይችላሉ። በከፊል እውነት ነው። በድሩፓል አስተዳዳሪው ምናሌውን እንደ ገና ለመደርደር፣ ሣጥኖቹንም ከግራ ዐምድ ወደ ግርጌ ለማዛወር ኮድ መጻፍ አያስፈልገውም። ነገር ግን ሰነዶች የሚያያዙበትን መንገድ ከሥር ለመለወጥ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ትንሽ ማኅበረሰብም ባለሙያውን ቢያገኝ ለአንድ ጊዜ ነው። የቀድሞው ሙኩርቱ የቆመበት የድሩፓል 7 ድጋፍ በጥር ወር 2025 አበቃ። ይዘቱ ወደ አዲሱ የሚተላለፍበት መሣሪያ አለ፤ ለድሩፓል 7 የተጻፈ ገጽታ ግን በተከታዮቹ ላይ ስለማይሠራ እንደ ገና መጻፍ አለበት። ጸሐፊው ዋናውን ጽሑፍ ገልብጦ በኅዳጉ ያለውን የመምህራን ምልክት ቢተወው፣ አዲሱ ብራና ሙሉ ይመስላል። አንድ ሕዝብ ደክሞ ያበጀው አቀማመጥም እንዲሁ በእያንዳንዱ ሽግግር ሊቀር ይችላል፤ ፎቶግራፎቹ ሁሉ በቦታቸው ስለሚገኙም የጎደለውን የሚያስታውሱት አቀማመጡን ያበጁት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው።