ጥሩ የከፍታ ሞዴል እንዴት ይታወቃል?

ዲጂታል የከፍታ ሞዴል መሬትን በእኩል ካሬዎች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ካሬ አንድ የከፍታ ቁጥር ይሰጣል። ኮንቱር የሚሳለው፣ የተፋሰስ ወሰን የሚሰመረው፣ ግድብ ምን ያህል ውኃ እንደሚይዝ የሚሰላው ከዚሁ ቁጥር ነው። መላ ኢትዮጵያን የሚሸፍኑ ሞዴሎች ዛሬ በነፃ ይገኛሉ። ስክሪን ላይ ሁሉም ያምራሉ፤ ጥሩውን ከደካማው ለመለየት ግን የሠለጠነ ዓይን ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የተለካበትን ዘመን ጠይቁ። ኤስአርቲኤም የተባለው ሞዴል የተሠራው ኢንዴቨር የተሰኘችው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2000 ለ11 ቀናት ምድርን እየዞረች በራዳር በሰበሰበችው መረጃ ነው። የአውሮፓው ኮፐርኒከስ ሞዴል ከ2011 እስከ 2015 በተሰበሰበ የራዳር መረጃ ላይ የቆመ ነው። በመሃሉ፣ በ2009፣ የተከዜ ግድብ ተጠናቀቀ። ስለዚህ ኤስአርቲኤም የተከዜን ሸለቆ እስከ ወለሉ ሲያሳይ ኮፐርኒከስ የሚያሳየው የሐይቁን ገጽ ነው። የሐይቁን ይዘት ለሚያሰላ መሐንዲስ አሮጌው ይሻለዋል።

ቀጥሎ ቁጥሩ የምን ከፍታ እንደሆነ ለዩ። ከላይ የተላከ ራዳር ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ከዛፍ ቅጠልና ከቤት ጣሪያ ነው። በእንጦጦ ባሕር ዛፉ ኮረብታው ላይ ይደመራል፤ በከተማ ሕንፃዎቹ የጎርፉን መንገድ እንደ ተራራ ይዘጋሉ። ጎርፍ የሚያጠና ሰው ደንና ሕንፃ የተቀነሰለትን ሞዴል ይምረጥ። የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮፐርኒከስን መነሻ አድርገው ያዘጋጁት ፋብዴም ለዚህ የታሰበ ነው።

ከዚያ ሞዴሉን ፀሐይ ከጎን እንዳበራችበት አድርጋችሁ በጥላ እዩት። የዓባይ በረሃና የሰሜን ተራሮች ገደል ጥሩ መፈተኛ ናቸው። ገደሉ ራዳሩን ሲጋርደው ቁጥር የሌለው ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ባዶው ከዙሪያው በግምት ሲሞላ ደግሞ ዓለቱ ያለ ቅጡ ይለሰልሳል። ተዳፋቱ ደረጃ ደረጃ ከሠራ ሞዴሉ ከድሮ ኮንቱር የተቀዳ ሊሆን ይችላል። ሐይቅ ገጹ የሚጎረብጥ ከሆነም ሥራው አላለቀም።

የካሬው ማነስ አያታልላችሁ። የ90 ሜትሩን ካሬ ወደ 10 ሜትር መከፋፈል አዲስ እውቀት አይጨምርም። በ30 ሜትር ካሬ የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ከነጉድጓዱ በአንድ ቁጥር ውስጥ ይዋጣል።

ትልቁ ፈተና ግን ውኃ ነው። ውኃው በሞዴሉ ላይ ሲፈስ በትክክለኛው ወንዝ መውረድ አለበት። አንድ የተሳሳተ ካሬ ሸለቆውን ከገደበው ጅረቱ ይቆማል፤ ሶፍትዌሩም ይህን ለማረም ጉድጓዱን ሁሉ እስከ አፉ ይሞላል። አፋር ላይ ይህ እርማት ራሱ ጥፋት ነው። ጉድጓዱ የእውነት ነውና። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል፤ የዳሎል አካባቢ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ጥሩ ባለሙያ የትኛው ጉድጓድ የመሬቱ፣ የትኛው የመለኪያው እንደሆነ ለይቶ ይሞላል፤ የሞላውንም ይናገራል።

በመጨረሻ ሞዴሉን ከሥራችሁ ጋር አመዛዝኑ። ኤስአርቲኤም ሲታቀድ 90 በመቶው ልኬት ከ16 ሜትር ያልበለጠ ስህተት እንዲኖረው ታስቦ ነበር። ቆላን ከወይና ደጋ፣ ወይና ደጋን ከደጋ ለሚለይ ካርታ ይህ ይበቃል። በሜዳ ላይ በሴንቲሜትር ለሚወርድ የመስኖ ቦይ ግን አይበቃም፤ እዚያ ቀያሽ ወርዶ መለካት አለበት። ስህተቱን በግልጽ የማይናገር ሞዴል ላይ ቦይም ሆነ ግድብ አትንደፉ።