ዕቁብ ብቻውን ሱቅ ይከፍታልን? (ስለ አይቫን ላይት መጽሐፍ የቀረበ ትችት)

በባዕድ አገር ንግድ ለመጀመር የሚነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ የመነሻ ገንዘብ ከወዴት ይገኛል የሚለው ነው። ባንኩ አያውቀውም፤ በመያዣነት የሚያቀርበው ቤት ወይም መሬት የለውም፤ በአገሩ ሳለ ያፈራው መልካም ስምም ከእርሱ ጋር ድንበር አልተሻገረም። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ አይቫን ላይት በ1972 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) ባሳተሙት መጽሐፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥተዋል። መጽሐፉ በአሜሪካ የሚኖሩትን ቻይናውያን፥ ጃፓናውያንና ጥቁሮች በንግድና በመረዳዳት ረገድ የሚያነጻጽር ሲሆን፥ የመልሱ ዋና ፍሬ እኛ ዕቁብ የምንለው ነገር ነው። ስለዚህ መጽሐፉን ለመመርመር እኛ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች መጠነኛ መብት ያለን ይመስለናል።

የደራሲው ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። የእስያ ሰዎችም ጥቁሮችም በአሜሪካ ተገፍተዋል፤ ካሊፎርኒያ በ1913 ባወጣችው ሕግ ዜግነት ማግኘት የማይፈቀድላቸው መጤዎች የእርሻ መሬት እንዳይገዙ ተከልክለው ነበር። ይሁን እንጂ የእስያ ሰዎች ትንንሽ ሱቆችን በብዛት ሲከፍቱ በአሜሪካ የተወለዱት ጥቁሮች ያን ያህል አልከፈቱም። መገፋቱ የጋራ ከሆነ ልዩነቱን ሊያስረዳ አይችልም ይላሉ። ልዩነቱን ያመጣው፥ ቻይናውያን «ሁይ»፥ ጃፓናውያን «ታኖሞሺ» የሚሉትን ዕቁብ ከአገራቸው ይዘው መምጣታቸው ነው። የምዕራብ አፍሪካው «ኤሱሱ» በካሪቢያን ደሴቶች፥ ባሮቹ ጓሮ እያረሱ ምርታቸውን በገበያ ይሸጡ ስለ ነበር ሳይጠፋ ሲቈይ፥ በአሜሪካ ግን በባርነት ዘመን ጠፋ። ከደሴቶቹ ወደ ኒው ዮርክ ሃርለም የፈለሱት ሰዎች በ«ሱሱ» ገንዘብ እያጠራቀሙ መነገዳቸውንም ምስክር አድርገው ያቀርባሉ።

መጽሐፉ ሊመሰገን ይገባዋል። ክሊፎርድ ጊርትዝ በ1962 ባወጡት ጽሑፍ ዕቁብን የገጠር ሰው ወደ ዘመናዊ የገንዘብ አያያዝ የሚሸጋገርበት መካከለኛ እርከን አድርገው ገምተውት ነበር። ላይት ግን ባንክ በሞላባቸው ታላላቅ ከተሞች ውስጥ ሥራውን ሲሠራ አሳይተዋል። ይህን ካመሰገንን በኋላ ያላረኩንን ሦስት ነገሮች እናቀርባለን።

የመጀመሪያው የጊዜ ጕዳይ ነው። ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ መቶ መቶ ዶላር ቢጥሉ በየሳምንቱ ለአንዱ 2,000 ዶላር ይደርሰዋል። በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰው ሰው 1,900 ዶላር የሌሎችን ገንዘብ ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ በሃያኛው ሳምንት የሚደርሰው ግን እስከዚያ ድረስ አበዳሪ ሆኖ ይቈያል። በቻይናውያኑ ሁይ ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ወለድ ያቀረበው ቀድሞ ስለሚወስድ፥ የቸኰለ ነጋዴ ዋጋውን ከፍሎ ተራውን ያገኛል። በኛ ዕቁብ ግን ተራውን የሚወስነው ዕጣ ነው። ዕጣ ከወጣለት ሰው ለምኖ ወይም ገዝቶ መውሰድ ቢቻልም፥ ይህ በባለዕጣው ፈቃድ ላይ ያረፈ ነው። ሱቅ የተከራየ ሰውም የቤቱን ባለቤት «ዕጣ ሲወጣልኝ እከፍልዎታለሁ» ቢለው የሚሰማው አይኖርም። ስለዚህ ዕቁቦች ሁሉ በአንድ ስም ቢጠሩም ለጀማሪ ነጋዴ እኩል አይጠቅሙም።

ሁለተኛውና ዋነኛው የዋስ ጕዳይ ነው። ዕቁብ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ይዞ እንዳይጠፋ ዳኛው ዋስ ይጠይቀዋል። መተማመን ከዝምድናና ካገር ልጅነት እንደሚመነጭ ደራሲው አልሳቱም፤ ነገር ግን እንደ ባህል ውርስ አድርገው ይቈጥሩታል። እኛ ግን አመጣጡም ሊታይ ይገባል እንላለን። ካንድ አውራጃ ተጠራርተው የመጡ ጃፓናውያን ዋሶቻቸውን ይዘው መጡ። ከ1974 አብዮት በኋላ በሱዳን በኩል ወደ አሜሪካ የገባ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ዕቁብን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ብቻውን ባንድ ከተማ ቢመደብ ግን ባህሉን በልቡ እንደያዘ ዋስ የሚሆነው ሰው ያጣል። ዋስ እስኪያፈራም ዓመታት ያልፋሉ። እንግዲህ ቤተ ሰቡ በባርነት ስለ ተበተነ ሕዝብ ስንናገር ልማድ ጐደለው ከማለታችን በፊት፥ ዋስም ንብረትም እንዳይኖረው ያደረገው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል።

ሦስተኛው የባንክ ጕዳይ ነው። «መገፋቱ የጋራ ነው» መባሉ ባንኩን ከነጭራሹ ከምርመራ ያወጣዋል። ጢሞቲ ቤትስ በ1997 ያሳተሙት መጽሐፍ ግን የእስያ መጤዎች ንግድ የቆመው ይልቁንም በባለቤቶቹ ቁጠባና ትምህርት፥ ከቤተ ሰብና ከባንክም በተገኘ ብድር መሆኑን፥ የዕቁብም ድርሻ አነስተኛ እንደ ነበረ ያመለክታል። ሁለቱ ደራስያን ያጠኑት ዘመን የተለያየ መሆኑን አንዘነጋም፤ ቢሆንም ዕቁብን የመጤ ነጋዴ ሁሉ ምሥጢር ማድረግ እንደማይቻል ያስረዳናል። በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው ሚሽን አሴት ፈንድ የሚባለው ድርጅት የዕቁብተኞቹን ክፍያ የሰዎችን የብድር ታሪክ ለሚመዘግቡ ኩባንያዎች ያስታውቃል፤ ካሊፎርኒያም በ2014 ባወጣችው ሕግ ያለ ወለድ ለሚሰጠው እንዲህ ላለው ብድር ዕውቅና ሰጥታለች። በዚህ አሠራር ዕቁብተኛው በየጊዜው የጣለው ገንዘብ ባንኩ ሊያነበው የሚችል ዋስ ይሆንለታል።

ይህን ሁሉ ያልነው የሩቅ አገር መጽሐፍ ለመንቀፍ ብቻ አይደለም። በኛም መካከል «ዕቁብ ላለው ሰው ባንክ ምን ያደርግለታል» የሚል አነጋገር ይሰማል። አነጋገሩ ከኩራት የመጣ ቢሆንም ብድር የተከለከለውን ሰው እንደ ሰነፍ ያስቈጥራል፥ የከለከለውንም ባንክ ነጻ ያወጣል። ይህን ጕዳይ ከኛ ቀጥሎ የሚያጠና ተማሪ «ዕቁብ አላቸውን?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ዋስ የሚሆናቸው ማን ነው?» ብሎ ቢጀምር የተሻለ መልስ እንደሚያገኝ እናምናለን።