የመኸር ሙዚቃ፤ ለጨፋሪው ወይስ ለተመልካቹ?

ባለፈው ተርም የተደረገውን የትምህርት ቤቶቻችንን የመኸር ቀን ታስታውሱታላችሁ። በየትምህርት ቤቱ አትክልት ቦታ የበቀለው ሱኩማና ቲማቲም ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ፣ ጄኔሬተር ተነስቶ፣ ስድስት ኮሚኒቲዎች በየተራ ባህላቸውን አቀረቡ። ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ነበር የተሰጠው። ከእኛ ወገን ማሲንቆ ይዘው የወጡት አባት ገና ቃኝተው፣ ድምፃቸውን ሞክረው፣ ሰዉን በግጥም መንካት ሲጀምሩ «ሰዓት አልቋል» ተባሉ። ማይኩን የተቀበልናቸው እኛው የፕሮግራም ኮሚቴ አስተማሪዎች ነን። እሳቸው ምንም አላሉም። ማሲንቆአቸውን በነጠላ ጠቅልለው ወደ ብሎካቸው ሄዱ።

ይህንን ያነሳነው ራሳችንን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ከዚያ ቀን በኋላ ከትላልቆቹ ተማሪዎቻችን ጋር በአንድ ጥያቄ ስንከራከር ሰንብተናል፤ የመኸር ሙዚቃ የሚጫወተው ለማን ነው? ለክርክራችን እንዲረዳን የአሜሪካን የገጠር ሙዚቃ በአንድ መምህር ስልክና በትንሽዬ ድምፅ ማጉያ ክፍል ውስጥ አብረን ሰማን። ለምን የአሜሪካ? ቢባል፣ እዚያም ይኸው ጥያቄ ተነስቶ በሁለት መንገድ ስለተመለሰ ነው። አንደኛው የድሮው የፊድልና የባንጆ ጨዋታ ሲሆን ሁለተኛው ብሉግራስ የሚባለው ነው። ዛሬ በአሜሪካ የመኸር በዓላት ላይ ሁለቱም በአንድ መድረክ ይቀርባሉ፤ ሰዉም ብዙ ጊዜ አንድ ያደርጋቸዋል። በእኛ አስተያየት ግን አንድ አይደሉም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቆሎ ሲሸለቀቅ

በደቡባዊ አሜሪካ ገጠር፣ ገበሬው በቆሎውን ከማሳ ሰብስቦ ይከምርና ጎረቤት ይጠራል። ሰዉ ክምሩን ከቦ እየተጫወተ ይሸለቅቃል። ቀይ በቆሎ የወጣለት ሰው የመሳም መብት ያገኝ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ራት ይቀርባል፤ ከራት በኋላ ጭፈራ ነው። እኛ ደቦ የምንለው ማለት ነው። በባርነት ዘመን ደግሞ ሸልቃቂዎቹ በባርነት የተያዙት ጥቁሮች ነበሩ፤ አንዱ ክምሩ ላይ ወጥቶ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። የአጨዳና የውቂያ ዘፈን የሚያውቅ ሰው ይህንን ማስረዳት አያስፈልገውም።

በጭፈራው ላይ የሚሰሙት ሁለት መሣሪያዎች ናቸው። ፊድል ማለት ቫዮሊን ነው፤ ገበሬ እጅ ሲገባ ስሙም አጨዋወቱም ተለወጠ። ባንጆ ደግሞ ከአፍሪካ ነው። በባርነት የተጋዙ ሰዎች በቅል ላይ ቆዳ ወጥረው፣ እንጨት ሰክተው የሠሩት መሣሪያ ነበር፤ በሴኔጋልና በጋምቢያ ያሉ የጆላ ሕዝቦች አኮንቲንግ የሚሉት መሣሪያ ዛሬም የቅርብ ዘመዱ ነው። ይህንን ስንነግራቸው ተማሪዎቻችን አላመኑንም፤ ባንጆ ሲባል በዓይናቸው የሚመጣው ነጭ ባርኔጣ ያደረገ ፈረንጅ ነው። የመኸር በዓላቱ ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ይመስለናል። ለብዙ ዘመን ፖስተራቸውም መድረካቸውም ይህንን ሙዚቃ የነጭ ተራራማ ገበሬ ብቻ አድርገው ሲያሳዩ፣ ግማሹን ባለቤት ከሥዕሉ አውጥተውታል።

ከሥዕሉ ከወጡት አንዱ ጆ ቶምፕሰን ነበሩ። በ1918 በሰሜን ካሮላይና ተወለዱ። አባታቸውም ፊድል ተጫዋች ነበሩ፤ ቤተሰቡ በቆሎ ሲሸለቀቅ፣ ትምባሆ ሲዘጋጅ፣ አሳማ ሲታረድ በሚደረገው ጭፈራ ሁሉ ይጠራ ነበር። በኋላ ደቦው ቀረ። ጆ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ሠራተኛ ሆኑ፤ ፊድሉም ለብዙ ዓመታት ተሰቀለ። በ1970ዎቹ አንድ የባህል ሙዚቃ አጥኚ ፈልጎ ሲያገኛቸው ነው ከባንጆ ተጫዋቹ ዘመዳቸው ከኦዴል ቶምፕሰን ጋር እንደገና ያነሱት።

ሁለቱን ስንሰማ

የድሮውን ጨዋታ ስንከፍት ተማሪዎቻችን በሦስተኛው ደቂቃ ማዛጋት ጀመሩ። ፊድሉና ባንጆው አንዱን ዜማ አብረው ይይዙታል፤ ዝቅ ያለ ክፍል አለው፣ ከፍ ያለ ክፍል አለው፣ እንደገና ከመጀመሪያው። ወደ ፊት ወጥቶ «እኔን እዩኝ» የሚል የለም። በኋላ አንዷ ልጅ እግሯን መምታት ጀመረች፤ ሁለት ሆኑ፣ አራት ሆኑ፣ ዴስክ ተገፋ። ያኔ አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ሰርግ ነው፣ ኮንሰርት አይደለም» አለን። ከዚህ የተሻለ ሂስ እኛም አልጻፍንም። ሙዚቃው ድግግሞሽ የበዛበት ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ ግማሹ ሥራ የጨፋሪው ስለሆነ ነው። ቁጭ ብሎ ለሚሰማው ጎዶሎ ይሆንበታል።

ብሉግራስ ሌላ ነው። ብዙ ሰው ከጥንት ከተራራ የወረደ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የሬዲዮ ዘመን ልጅ ነው። አባቱ የሚባለው ቢል ሞንሮ በ1911 በኬንታኪ፣ ሮዚን በምትባል የገጠር ቦታ ተወለደ። በወጣትነቱ እንጀራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ሄዶ ኢንዲያና ውስጥ በነዳጅ ማጣሪያ ሠርቷል። በ1939 በናሽቪል ግራንድ ኦል ኦፕሪ የተባለው የሬዲዮ ዝግጅት ባልደረባ ሆነ። በ1945 መጨረሻ ኧርል ስክራግስ የተባለ የ21 ዓመት ወጣት ባንጆን በሦስት ጣት እየፈተለ ሲቀላቀለው ነው ብሉግራስ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው። ሞንሮ ከማን ተማረ? ከአጎቱ ከፊድል ተጫዋቹ ፔን ቫንዲቨር፤ እንዲሁም በገጠር ጭፈራ አብሮት ይጫወት ከነበረው ጥቁር ሙዚቀኛ ከአርኖልድ ሹልትዝ። ይህንንም ሞንሮ ራሱ አልደበቀም።

በብሉግራስ ማንዶሊኑ ምቱን ይቆርጣል፣ ባንጆው ይንቆረቆራል፣ ድምፁ እስከ ጣሪያ ይወጣል። አንዱ ተራውን ይዞ ችሎታውን ያሳይና ወደ ኋላ ሲል ሌላው ማይኩ ጋ ይጠጋል። ፈጣን ስለሆነ ለገበሬ ጭፈራ አይመችም፤ የተሠራው ለጆሮ ነው። ተማሪዎቻችን ወዲያው ወደዱት፤ እኛም አልጠላነውም። አንድ ደግ ነገር አለው፤ አንዱ ሲወጣ ሌሎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይሸከሙታል። በመድረክ ላይ ይህን ያህል ተራ መጠበቅ በብዙ ባንዶች አይታይም። ሌላው ነገር ብዙዎቹ ዘፈኖች ስለ ተተወ ቤትና ስለ ቀረች እናት መሆናቸው ነው። ከገጠር ወጥተው በፋብሪካ ከተሞች ለተበተኑ ሰዎች የተዘፈነ ስለሆነ አይገርምም። «ባህል» የምንለው ነገር ሁሉ አገር ቤት ተጠናቅቆ፣ በሻንጣ ተጭኖ የሚመጣ አይደለም፤ ከአገር ከወጡ በኋላም ይሠራል። ይህችን ነጥብ እዚህ ተወልደው «እኛ ባህል የለንም» ለሚሉን ልጆች እንነግራለን።

ታዲያ የትኛው ይበልጣል?

እውነቱን ለመናገር፣ ለመኸር በዓል ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ችግሩ መድረኩ ብቻውን ሲቀር ነው። ብሉግራሶቹ ይህንን ያወቁት ይመስለናል። በ1965 በቨርጂኒያ ፊንካስል አጠገብ በአንድ የፈረስ እርሻ ላይ የተጀመረውን የመሰለ የብዙ ቀን ፌስቲቫል ላይ፣ ከመድረኩ ውጪ በመኪና ማቆሚያውና በድንኳኖቹ መካከል ሰዎች መሣሪያቸውን አውጥተው ክብ ይሠራሉ። የሚያውቀው ያልሰለጠነውን ያስገባዋል። መድረኩን ሳያይ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው አለ፤ የመጣው ለክቡ ነዋ!

ሙዚቃው የሚተላለፈውም እዚያ ነው። በ2005 ሪያኖን ጊደንስ፣ ዶም ፍሌመንስና ጀስቲን ሮቢንሰን የተባሉ ሦስት ወጣቶች በሰሜን ካሮላይና በተደረገ የጥቁር ባንጆ ተጫዋቾች ስብሰባ ተገናኙ። ከዚያ በየሳምንቱ ጆ ቶምፕሰን ቤት እየሄዱ፣ ኖታ ሳይኖር፣ በጆሯቸው ተማሩ። ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ ያሉት ባንዳቸው በ2010 ባወጣው አልበም በ2011 የግራሚ ሽልማት አገኘ። ጆ ቶምፕሰን ይህንን አይተው በ2012 አረፉ። ሽልማቱን ትተን እናስብ፤ እነዚያ ልጆች የሽማግሌውን በር ባያንኳኩ ኖሮ ከእሳቸው እጅ የሚቀበል ማን ነበር?

ወደ እኛ ስንመለስ፣ አምስት ደቂቃው ያለ ምክንያት አልተወሰነም። ስድስት ኮሚኒቲ ባለበት አንዱ አስራ አምስት ደቂቃ ከወሰደ ጠብ ይመጣል፤ እንግዶቹም ጊዜ አላቸው። ስለዚህ መድረኩ ይፍረስ አንልም። አንዳንዶች ደግሞ «በራሽን እየኖርን ምን መኸር አለንና!» ይላሉ። ይህም እውነትነት አለው። ጆ ቶምፕሰን ግን በቆሎ መሸልቀቁ ከቀረ በኋላ፣ ከፋብሪካ እየተመለሱ ነው ያንን ዜማ ያቆዩት። ማሳው ሲጠፋ የሚቀረው ክቡ ነው፤ ክቡን ያጠፋነው እኛ ነን።

ስለዚህ ለሚቀጥለው የመኸር ቀን ለኮሚቴው አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከመድረኩ ራቅ ብሎ፣ ከአትክልት ቦታው አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር፣ ማይክም ሰዓት ቆጣሪም የሌለበት ቦታ ይሰጠን። ገመድ አይወጠር፤ ወንበር አይደርደር። ማሲንቆም፣ ክራርም፣ የሌሎቹ ወንድሞቻችን ከበሮም እዚያ ይገናኙ፤ የፈለገ ይጨፍር፣ የፈለገ ይማር።

ያቋረጥናቸው አባት ቤት ባለፈው ሳምንት ከሦስት ተማሪዎች ጋር ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል። ቡና አፈሉልን። ልጆቹ ማሲንቆውን እንዲነኩ ፈቀዱላቸውና «ቅዳሜ ኑ፤ የምትቸኩሉ ከሆነ ግን አትምጡ» አሉን። ቅዳሜ እንሄዳለን። አብሮን መሄድ የሚፈልግ ተማሪ ስሙን ለክፍል ኃላፊው ይስጥ። በየብሎካችሁ መሣሪያ የሚጫወቱ አባቶችና እናቶች ካሉም ጠቁሙን።