ለጩኸታም ገበያ ትንሽ መብራት

መርካቶ ምናለሽ ተራ ብረት ሲቀጠቀጥ የስልክ ጥሪ ይዋጣል፤ ንዝረቱም በመዶሻው ምት ውስጥ ይጠፋል። የማሳወቂያ መብራትን በመተግበሪያ ማስተካከል የማደንቀው ለዚህ ነው፤ ጆሮ በማይሠራበት ቦታ ዓይን ይተካዋል። ላይት ፍሎውን የመሰሉ የአንድሮይድ መተግበሪያዎች ለየደዋዩና ለየመልእክቱ የራሱን ቀለም ለመመደብ አስችለዋል። በ2013 ዓ.ም. ሥራ ለጀመረው ቴሌብር አረንጓዴ፣ ለቤተሰብ ቀይ ቢመደብ፣ ነጋዴው ከደንበኛው ጋር ዋጋ እየተነጋገረ የቱ እንደሚያስቸኩለው በጨረፍታ ይለያል። እርግጥ መብራቱ የሚነግረው መልእክት መድረሱን ብቻ ነው፤ ገንዘቡ መግባቱን ሒሳቡን ከፍቶ ማየት ግድ ነው።

ዘመኑ አልፎበታል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ሳምሰንግ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጋላክሲ ኤስ10 ላይ መብራቱ የለም። ሐሳቡ ግን አልሞተም፦ አሞሌድ ስክሪን ጥቁሩን ክፍል ስለማያበራ፣ ዛሬ መተግበሪያዎች በጠፋ ስክሪን ላይ ባለቀለም ነጥብ ያሳያሉ፤ የሚበሉት ባትሪም ጥቂት ነው። ከሁሉ የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው፤ መተግበሪያው ቀለም ለመምረጥ ማሳወቂያዎቻችንን ሁሉ፣ የባንኩን ጭምር፣ ያነባል። ስለዚህ የኢንተርኔት ፈቃድ የማይጠይቀውን መምረጥ፣ ከማይታወቅ ምንጭም አለመጫን ይገባል።