የታደሰ መሣሪያ፣ ያልታደሰ ይዘት፦ «ስፓይደርማን» የቪዲዮ ጨዋታ ከወላይታ ሲታይ

አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ ዳግመኛ ለተመልካች ሲቀርብ ሁለት ነገሮች ይፈተናሉ፤ አንደኛው ሥራው ራሱ፣ ሁለተኛው ደግሞ የቀረበበት መሣሪያ ነው። ቲያትር በአዲስ መድረክ፣ ፊልም በአዲስ ቅጂ ሲመለስ የሐያሲው ጥያቄ አንድ ነው፤ የታደሰው ቅርጹ ነው ወይስ ይዘቱ? የቪዲዮ ጨዋታም በወጣቱ ዘንድ ሰፊ ቦታ የያዘ የትረካ ዘርፍ እስከሆነ ድረስ ከዚህ ጥያቄ ሊያመልጥ አይገባውም።

ለዚህ ምርመራ ተስማሚ ሆኖ የተገኘው የአሜሪካው ኢንሶምኒያክ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለፕሌይስቴሽን 4 ያቀረበው የማርቭል «ስፓይደርማን» ነው። ሥራው በ2020 ታድሶ ለፕሌይስቴሽን 5፣ በ2022 ደግሞ ለኮምፒዩተር ወጥቷል። ተጫዋቹ በልዕለ ኃያሉ ድር እየተንጠለጠለ በኒው ዮርክ ማንሃተን ሰማይ ሥር እንደ ልቡ ይዘዋወራል።

በመጀመሪያ ይዘቱ ይታይ። የ23 ዓመቱ ፒተር ፓርከር በአንድ ቤተ ሙከራ ተቀጥሮ ይሠራል፤ የጀግንነቱን ሥራ የሚያከናውነው ማንነቱን በጭንብል ሸሽጎ ነው። እንደ አባት የሚያከብረው ሳይንቲስት ኦቶ ኦክታቪየስ በቂም ተነሳስቶ ወደ ጠላትነት ይለወጣል፤ በከተማዋም ወረርሽኝ ይለቀቃል። ፒተርን ያሳደገችው አክስቱ ሜይ በቤት አልባዎች መጠለያ ስታገለግል በበሽታው ትያዛለች። በእጅ የተገኘው መድኃኒት ጥቂት ነው፤ ለእርሷ ከዋለ ለሕዝቡ ማባዛት አይቻልም። ፒተር እያለቀሰ ሕዝቡን ይመርጣል። የትረካው ከፍተኛ ጫፍ ይህ ነው፤ ጀግናው ትልቁን ድል የሚቀዳጀው በጡንቻው ሳይሆን የግል ፍቅሩን ለብዙኃኑ ደኅንነት አሳልፎ በመስጠቱ ነው።

ቅርጹ ከመሣሪያው ጋር የተሳሰረ ነው። የፕሌይስቴሽን 4 ሃርድ ዲስክ መረጃን የሚያነብበት ራስ ከቦታ ቦታ መንቀሳቀስ ስለሚኖርበት ከተማዋን ተጫዋቹ በሚፈልገው ፍጥነት ማቅረብ ይሳነው ነበር። የፕሌይስቴሽን 5 ዋና ነዳፊ ማርክ ሰርኒ በ2020 እንዳስረዳው፣ ይህን ችግር ለማቃለል እንደ ፖስታ ሣጥን ያሉ ዕቃዎች በዲስኩ ላይ እስከ 400 ጊዜ ተደጋግመው እንዲጻፉ ተደርጓል። የጀግናው የፍጥነት ጣሪያም የዲስኩ ፍጥነት ነበር። በ2019 በተደረገ ማሳያ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ለመዛወር በአሮጌው መሣሪያ 15 ሰከንድ ያህል የፈጀው ጉዞ በአዲሱ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ተፈጽሟል።

የታደሰው ቅጂ የዚህ ለውጥ ተጠቃሚ ነው። በሰከንድ 30 የነበረው የምስል ብዛት ወደ 60 ከፍ ማለት ችሏል፤ የብርሃንን ጉዞ እየተከተለ ነጸብራቅን የሚሥለው ስልትም የማንሃተንን የመስታወት ፎቆች እርስ በርሳቸው እንዲተያዩ አድርጓል። በድር መወንጨፍ የጨዋታው ዋና ቋንቋ ስለሆነ የእንቅስቃሴው መለስለስ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ቋንቋው የጠራ ንግግር ሆኗል ማለት ነው። በአንጻሩ የፒተር ፊት በሌላ ሰው ፊት ተተክቷል። የተሰጠው ምክንያት አዲሱ ፊት ከድምፅ ተዋናዩ ከዩሪ ሎውንታል የፊት እንቅስቃሴ ጋር ይበልጥ ይስማማል የሚል ነበር። ያም ሆኖ የመጀመሪያውን ሥራ የወደደ ተመልካች በሜይ አልጋ አጠገብ የሚያለቅሰውን ወጣት እንደ እንግዳ ቢመለከተው አይፈረድበትም። ትዕይንቱን ያዳነው ያልተለወጠው ድምፅ ነው።

አዲሱ መሣሪያ ያላቃናቸው ጉድለቶች ግን ከቀድሞው ይልቅ ጎልተው ይታያሉ። በየሰፈሩ የሚፈጸሙት ወንጀሎች ተመሳሳይና ተደጋጋሚ ናቸው፤ ወንጀሉን የወለደው የኑሮ ሁኔታ አይጠየቅም። ጀግናው በየአካባቢው ያሉትን የፖሊስ መቆጣጠሪያ ማማዎች እየጠገነ ያስነሳል፤ ሕዝቡን ከላይ ሆኖ የሚያይ ዓይን ለማን ጥቅም እንደሚሠራ ግን አይመረመርም። ይህ ቸልታ የሚያስገርመው ትረካው ራሱ ወደ ኋላ ላይ ከተማዋን የሚቆጣጠር ቅጥር ጦር ማሳየቱ ነው። ሰፊው ሕዝብም ከሜይ መጠለያ በስተቀር በእግረኛ መንገድ ላይ የሚያልፍ ጥላ ነው። በአዲሱ መሣሪያ ጥላዎቹ በዝተዋል፤ ድምፅ ግን አልተሰጣቸውም።

ይህ ሁሉ ለወላይታ ምን ይጠቅማል? በኢትዮጵያ ከተሞች በየፕሌይስቴሽን ቤቱ በብዛት የሚታየው የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ክፍያ በግጥሚያ ወይም በሰዓት በሚታሰብበት ቤት ብዙ ሰዓታት የሚወስድ ትረካ ቦታ ማግኘቱ አዳጋች ነው። ዕድሉን ያገኘ የሶዶ ወጣት በበኩሉ የማንሃተንን ጎዳናዎች በቃሉ ሊያውቅ ይችላል። በዳሞታ ተራራ ግርጌ እያደገ፣ በዚያው ተራራ የሚገኘውንና ከ50 ሺህ ዓመታት በፊት የኖሩ ሰዎችን አሻራ የያዘውን የሞቼና ቦራጎ ዋሻ ሳያውቅ ቢቀር ግን ጥፋቱ የጨዋታው ሳይሆን ታሪኩን በዘመኑ መሣሪያ ያላቀረበው ከያኒ ነው።

ጅምሩ በአገር ውስጥ አለ። ኢታን ኮሚክስ በ2018 ያሳተመው «ጀምበር» ሥራ ፈላጊ ምሩቅ የሆነ ኢትዮጵያዊ ልዕለ ኃያል አቅርቧል። ቀኔ ጌምስ በዚያው ዓመት «ኩኩሉ»ን ለእጅ ስልክ አውጥቶ፣ ዶሮ ከገበሬ የምታመልጥበት ቀላል ትልም የአገር መልክ ሊይዝ እንደሚችል አሳይቷል። ሁለቱም በውድ መሣሪያ ላይ አልተመኩም። በ2007 ሥራ የጀመረው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም የኮምፒዩተር ባለሙያውንና የወላይትኛ ምሁሩን በአንድ ግቢ ያገናኛል።

ሆኖም የውጭውን ጉድለት ገልብጦ ስሙን ብቻ በወላይትኛ መለወጥ ፈጠራ አይሆንም። በ1894 የምኒልክን ዘመቻ የተጋፈጠው ካዎ ጦና ታላቅ ገጸ ባሕርይ ሊሆን ይችላል፤ ብቻውን የሚዋጋ ልዕለ ኃያል ሆኖ ቢሣል ግን ታሪክ ይዛባል። በካዎ አማዶ ስም የሚጠራው የመከላከያ ካብ ድንጋይ በድንጋይ የተደረደረው በብዙ ሰው ክንድ ነው። ያ ካብ በጨዋታ ውስጥ ቢቆም ተጫዋቹ በላዩ የሚዘል ብቻ ሳይሆን ድንጋይ ከሚያቀብሉት ሰዎች አንዱ ሊሆን ይገባዋል። በጊፋታ በዓል አደባባይ የሚወጣው ሕዝብም እንዲሁ የጀግናው ማጀቢያ ሳይሆን የትረካው ባለቤት መሆን አለበት።

የ«ስፓይደርማን» መታደስ የሚሰጠው ትምህርት እንግዲህ ግልጽ ነው። መሣሪያ በጥቂት ዓመታት ያረጃል፤ የ2018ቱ ዲስክ አርጅቷል፣ የ2020ውም ተራውን ይጠብቃል። ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሳይደበዝዝ የተሻገረው አንዲት አሮጊት በሌሎች ሕይወት ስትተካ የታየችበት ትዕይንት ነው። የወላይታ ከያንያን፣ መምህራንና የባህል ሠራተኞች የነገውን መሣሪያ እስኪያገኙ ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው መጠበቅ አይኖርባቸውም፤ ለመሣሪያው የሚመጥነውን ይዘት ዛሬ ከሕዝቡ አፍ መሰብሰብና በትልም ማዋቀር ይጠበቅባቸዋል።