ሞተር የሚተነፍስበት ቀዳዳ

የቤንዚን ሞተር ቴስታታው ወርዶ ጠረጴዛዬ ላይ ሲቀመጥ ባለቤቱን አስቀድሜ የምጠይቀው ስንት የፈረስ ጉልበት እንደሚፈልግ አይደለም። ድንገጎን በስንተኛ ማርሽ እንደሚወጣ ነው። ድሬ ዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ የሐረር መንገድ በድንገጎ ተጠማዝዞ የሐረማያ ደጋ ላይ ሲወጣ 2,000 ሜትር ይጠጋል። የባቡሩ ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ሲደርስ ይህን ተራራ አልደፈረም፤ ሐረርን ትቶ በቆላው በኩል ወደ አዲስ አበባ አመራ፤ ድሬም ከተማ የሆነችው በዚሁ ሰበብ ነው። መኪኖቻችን ግን ያንን ዳገት በየቀኑ መውጣት አለባቸው፣ ያውም በቆላ ሙቀት ተነሥተው።

ያንኑ ዓይነት ጥያቄ ዱባይ የሚኖረውን የእህቴን ልጅ በስልክ ጠየቅሁት። ባለቱርቦ ማዝዳ አርኤክስ-7 ገዝቶ ሮታሪ ሞተሯን ፈትቷታል። «ጋሼ፣ የአየር መግቢያውን በየትኛው ዓይነት ልክፈተው?» አለኝ። ጓደኞቹ ትልቁን ክፈት ይሉታል። መኪናዋን በአዘቦት ቀን ለሥራ ይነዳታል፤ በእረፍቱ ደግሞ ጀበል ጀይስ የሚባለውን ጠመዝማዛ ተራራ ይወጣባታል። ሙቀትና ዳገት፤ እኛ የምናውቀው ነገር ነው።

ስለ መግቢያና መውጫ ቀዳዳ የተማርኩት ከፔጆ 404 ነው። የሐረርና የድሬ ሰው በዚህች ታክሲ ያልሄደበት ቦታ የለም። በ1960 እ.ኤ.አ. ወጣች፤ በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ ከዚያም በ1966፣ በ1967 እና በ1968 በተከታታይ አሸነፈች። 1,618 ሲሲ የሆነው ሞተሯ በ45 ዲግሪ ወደ ጎን ተጋድሞ የተገጠመ ነው። የአሉሚኒየም ቴስታታዋ ውስጥ የቃጠሎው ክፍል እንደ ጉልላት ክብ ነው፤ መግቢያና መውጫ ቫልቮቹ በሁለቱ ጎኖቹ ትይዩ ይቆማሉ። አየሩ ከአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ይወጣል። ፈረንሳዮቹ ይህን ሲነድፉ አብዛኛውን ሥራ ጨርሰውልናል።

ስለዚህ የ404 ቴስታታ ብዙ መቆረጥ አያስፈልገውም። ጓርኒሲዮኑን በአፉ ላይ አስቀምጬ የማይገጥመውን ጠርዝ ብቻ እሞርዳለሁ። ትልቁ ትርፍ ያለው ቫልቩ ከሚቀመጥበት ቀለበት በታች፣ ጣት በማያስገባው ጥቂት ሚሊሜትር ላይ ነው፤ እዚያ አየሩ ይታጠፋል፣ እዚያ ያለ ስለታም እርከን ብዙ ትንፋሽ ይሰርቃል። መውጫውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሰዋለሁ፤ ጥቀርሻ በቀላሉ አይይዘውም። መግቢያውን ግን እንደ መስታወት አላበራውም። ካርቡራተር ያለው ሞተር ውስጥ የቤንዚን ጠብታ በለሰለሰ ግድግዳ ላይ ይንከባለላል፤ ትንሽ ሻካራነት ጠብታውን ወደ አየሩ ይመልሰዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አላሰፋም። የውሃ ጎማ ጫፉን በአውራ ጣት ሲጫኑት ውሃው እንደሚፈተለክ ሁሉ አየርም በጠባብ ቀዳዳ ፈጥኖ ይገባል። ቀዳዳው ሲሰፋ፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ አየሩ ይንቀራፈፋል፣ ሲሊንደሩም በደንብ አይሞላም። በረባዳ መንገድ እየጮኸ ይበራል፤ ዳገት ላይ ግን ሹፌሩ ማርሽ ቀንሶም አይበቃውም። በዚህ ላይ 2,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው።

ሮታሪው ሌላ ፍጥረት ነው። ቫልቭ የለውም። ባለሦስት ጎኑ ሮተር ራሱ በጎን ሳህኑ ላይ እየተንሸራተተ ቀዳዳውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ስለዚህ ቀዳዳውን የቆረጠ ሰው የአየሩን መጠን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ቆርጧል፤ የመክፈቻው ጠርዝ አንድ ሚሊሜትር ሲነካ አየር ቀድሞ ይገባል፣ የመዝጊያው ሲነካ ዘግይቶ ይዘጋል። በ404 ይህ የካምሻፍት ሥራ ነበር። በሮታሪ ግን በሞረድ የተወሰደ በሌላ ዕቃ አይመለስም፤ ሳህኑን መለወጥ ብቻ ነው መፍትሔው።

ጓደኞቹ የመከሩት ከነበረው ቀዳዳ ጎን ሁለተኛ ቀዳዳ ተከፍቶ መሐላቸው ቀጭን የብረት ድልድይ የሚቀርበትን ዓይነት ነው። ይህ መግቢያው መውጫው ሳይዘጋ እንዲከፈት ያደርጋል። ቱርቦ ለሌለው የውድድር ሞተር ይህ ጥቅም ነው፤ በከፍተኛ ዙር የሚወጣው ጋዝ አዲሱን አየር ስቦ ያስገባዋል። በ1991 እ.ኤ.አ. የለ ማንን የመኪና ውድድር ያሸነፈችው ባለአራት ሮተሯ ማዝዳ 787ቢም ቱርቦ አልነበራትም፤ መግቢያዋም በጎን ሳህኑ ሳይሆን በሮተሩ ዙሪያ ባለው ግድግዳ ላይ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ በከፍተኛ ዙር ለምትሮጥ መኪና ትክክል ነው።

ቱርቦ ሲኖር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ተርባይኑ የመውጫውን መንገድ ይዘጋጋል፤ ከእሱ በፊት ያለው ግፊት ብዙ ጊዜ ከመግቢያው ግፊት ይበልጣል። ሁለቱም ቀዳዳዎች አብረው ክፍት በሆኑባት ቅጽበት የተቃጠለው ትኩስ ጋዝ ወደ ኋላ ይመለሳል። አዲሱ አየር ይሞቃል፣ ይቆሽሻል፤ ቤንዚኑ ያለጊዜው የመቀጣጠል አደጋው ይጨምራል፤ ሮታሪ ደግሞ ይህን አይታገሥም፣ የሮተሩ ጫፍ ላይ ያለው ፋሻ ይሰበራል። በዱባይ ሙቀት ዳገት ላይ ይህን መጋበዝ ለእኔ ጥፋት ነው። ማዝዳ ራሱ በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው አርኤክስ-8 መውጫውን ወደ ጎን ሳህኑ አዛውሮ ሁለቱ አብረው የሚከፈቱበትን ጊዜ አጥፍቶታል።

ልጁን ያልኩት እንዲህ ነው። በመካከለኛው ሳህን ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች አትንካ፤ በዝቅተኛ ዙር የሚያገለግሉህ እነሱ ናቸው። በዳር ሳህኖቹ ላይ ያሉትን በመጠኑ ክፈት፤ የመክፈቻውን ጠርዝ ተው፣ የመዝጊያውን ጥቂት አዘግየው። የመውጫውን አለስልስ። ከመቁረጥህ በፊት የማዕዘን ፋሻው የሚሄድበትን መስመር በሳህኑ ላይ ጭረህ አውጣ፤ ፋሻው ከሥሩ ብረት ካጣ ወደ ቀዳዳው ይገባል። ከውስጥ በኩል ደግሞ የዘይት ፋሻው መንገድ አለ፤ እሱን ካለፍክ ሞተሩ ዘይት ይጠጣል። ሲያልቅ ጠርዙን ሁሉ በቀስታ አክብበው። ይህን ከሁለት ስትሮክ ሞተር ጋር የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሲሊንደር ቀዳዳ ጠርዝ ስለታም ከቀረ የፒስተኑን ፋሻ እየላጨ ይጨርሰዋል።

አብነቱን በካርቶን ቆርጦ ለሁለቱም ሳህን አንድ ዓይነት እንዲያደርገው ነገርኩት፤ የሁለቱ ሮተሮች ትንፋሽ እኩል ካልሆነ አንዱ ቤንዚን በዝቶበት፣ ሌላው አንሶት እየጋለ ይሠራል። አሁን መስመሩን ጭሮ ፎቶ ልኮልኛል። በኋለኛው ሳህን ላይ የመዝጊያው ጠርዝ ትንሽ በዝቷል፤ ከዚያ ላይ እንዲቀንስ ጽፌለታለሁ።